አንድ ኮከብ ሰጥቻቸው ነበር

ይህን የምጽፈው ባለፈው ኖቬምበር ስለ አንድ የአሮጌ መጽሐፍ ሱቅ የጻፍኩትን ለመሻር ነው። ያኔ አንድ ኮከብ ሰጥቼ «ገንዘባችሁን አታባክኑ፣ ጊዜያችሁንም» ብዬ ነበር የዘጋሁት። ከአንድ በታች ቢፈቀድ ኖሮ ከአንድ በታች እሰጥ ነበር፤ የሌሊት ፈረቃ ጨርሼ፣ እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር የጻፍኩት ነው። አሁን አራት አድርጌዋለሁ። አምስተኛዋን ለምን እንደያዝኩባቸው ወደ ታች እነግራችኋለሁ፤ የሙጫ ጉዳይ ነው።

ሱቁ አሜሪካ መሀል አገር፣ አዮዋ ውስጥ ነው። ባልና ሚስት የሚይዙት፣ ያገለገለ መጽሐፍ የሚሸጥበት፣ ንግዱ ግማሽ በግማሽ በኢንተርኔት የሆነ ቤት። ስሙን እዚህ አላወጣውም። መጀመሪያ የበደሉኝንም ስለማወራ ለአንዲት ትንሽ ሱቅ ስም ማጥፋት ይሆንብኛል። የፈለገ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ።

ስፈልገው የኖርኩት የደብዳቤ አጻጻፍ መማሪያ ነው። ዕድሜያችሁ ወደ ስድሳው የተጠጋ ዓይነቱን ታውቁታላችሁ፦ ለአባት የሚጻፍ፣ ለወዳጅ የሚጻፍ፣ ለመሥሪያ ቤት የሚጻፍ እያለች ናሙና የምትደረድር፣ ኪስ የምትገባ ቀጭን መጽሐፍ። ደሴ እያለን ቤታችን አንዲት ነበረች። ታላቅ እህቴ እቴቴ ወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት ስትማር ከጓደኛዋ ተውሳ ያልመለሰቻት ናት። ቤት ስንለቅ ጠፋች።

እኔ ሦስተኛ ክፍል ሆኜ የሰፈሩ ጸሐፊ ነበርኩ። ጉራ እንዳይመስላችሁ፤ ያኔ ማንበብ መጻፍ የቻለ ልጅ ሁሉ ዕጣው ይኸው ነበር። ጠላ የሚሸጡት ጎረቤታችን እማማ ልጃቸው አሰብ ወደብ ይሠራ ስለነበር በወር አንዴ አንድ ሉክ ወረቀትና አንድ ፖስታ ይዘው ይመጣሉ። እንዝርታቸውን እያሾሩ «በለው» ይላሉ። «ላሟ ወለደች በለው። ጥጃዋ ሴት ናት በለው።» እኔ ግን መጽሐፏ እንዳዘዘችኝ ከሰላምታው ነው የምነሣው። ይድረስ ለምወድህና ለምናፍቅህ። እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ካንተ ናፍቆት በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሰላምታዬ ከባሕር አሸዋ ይብዛ፣ ከሰማይ ከዋክብት ይብለጥ። እንዲህ ስል ስል የሉኩ ግማሽ ያልቅና ላሟ ከነጥጃዋ ኅዳጉ ላይ ወደ ጎን ትጻፋለች። አንድ ጊዜማ ጭራሽ ቦታ አጥታ ቀርታለች። መልሼ ሳነብላቸው እማማ ሰላምታው ላይ እንባቸው መጣ፤ ስለ ላሟ አልጠየቁኝም።

አሁን የምኖረው ዋሽንግተን አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እዚህ አዲስ የአማርኛ መጽሐፍ ማግኘት አይከብድም፤ ከአዲስ አበባ በሚመጣ ሰው ሻንጣ አንድ ሁለት አይጠፋም፣ ካልሆነም ሽሮና በርበሬ የሚሸጡት ሱቆች አንድ ጥግ ላይ ይደረድሩታል። ችግሩ አሮጌው ነው። ኋላ ላይ እንደተረዳሁት ግን አሮጌው የአማርኛ መጽሐፍ አሜሪካ መሀል አገር በየምድር ቤቱ ተኝቷል። የሰላም ጓዶች የሚባሉት የአሜሪካ በጎ ፈቃደኞች እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1962 ኢትዮጵያ ሲገቡ የመጀመሪያዎቹ ብቻ ወደ ሦስት መቶ ይጠጉ ነበር፤ አብዛኞቹ አስተማሪ ሆነው በየአውራጃው ተበተኑ። ሲመለሱ የተማሩበትንም የተሰጣቸውንም መጽሐፍ ይዘው ተመለሱ። አሥመራ ቃኘው ጣቢያ የነበሩት የአሜሪካ ወታደሮች አሉ። ሚሲዮኖች አሉ። የአሜሪካው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትም በ1966 ናይሮቢ ላይ በከፈተው ቢሮ በኩል ከምሥራቅ አፍሪካ መጽሐፍ እየሰበሰበ፣ ለራሱም ለዩኒቨርሲቲዎችም ሲያደርስ ኖሯል። እነዚያ የመጀመሪያዎቹ አስተማሪዎች አሁን ሰማንያን ያለፉ ናቸው። ሲሞቱ ወይም ወደ ጠባብ ቤት ሲገቡ ልጆቻቸው ሣጥኑን ሳይከፍቱ ለአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ያስረክቡታል። ሻጩ ደግሞ ፊደሉን አያውቀውም።

ስለዚህ ፍለጋው በሻጩ አለማወቅ ላይ የተመሠረተ ነው። «አምሃሪክ» ብላችሁ ብትፈልጉ የሚወጣላችሁ የሚያውቅ ሰው አይቶ ዋጋውን የሰቀለው ነው። እኔ «አራማይክ» ብዬ ነው የምፈልግ፤ ፈረንጅ ሁለቱን ይቀላቅላል። «ኮፕቲክ» በሉ። «የአርመን» በሉ፤ ፊደላችንን አይቶ የማያውቅ ሰው የአርመን ይመስለዋል። ከቤተ መጻሕፍት የወጣ ከሆነ ርእሱ በላቲን ፊደል ይጻፋል፤ የካታሎግ ሰዎች ግዕዙን በተራው የላቲን «a»፣ ራብዑን በዚያው «a» ላይ ሰረዝ ጥለውበት ስለሚጽፉ «የ» ብሎ የሚጀምረውን «ya» ብላችሁ ሞክሩት። የታተመበትን ዓመት ደግሞ አትመኑ። ሽፋኑ 1959 ካለ ሻጩ 1959 ብሎ ይመዘግበዋል፤ በእነሱ 1966 ወይም 67 መሆኑን ከየት ያውቃል?

አንድ ሌሊት የምጠብቃቸው አዛውንት እንቅልፍ ወስዷቸው፣ እኔ ሳሎን ቁጭ ብዬ ስልኬን ስነካካ «የአራማይክ ጸሎት መጽሐፍ ሳይሆን አይቀርም፣ 1959፣ ደህና ይዞታ ላይ ያለ» የሚል አገኘሁ። ፎቶው የተዘቀዘቀ ነው። ስልኬን ገለበጥኩት፤ ስክሪኑ አብሮኝ ተገለበጠ። እንዳይዞር ቆልፌ እንደገና ገለበጥኩት። አረንጓዴ ሽፋን፣ መሀሉ ላይ በትልልቁ «ደብዳቤ»። ዋጋው 18 ዶላር፣ መላኪያው 4 ዶላር ከምናምን። የካርዴን ቁጥር ሁለት ጊዜ ተሳስቼ በሦስተኛው ገዛሁ።

በሦስተኛው ቀን ባለ ሦስት መስመር ኢሜይል መጣ። መጽሐፉን ከመደርደሪያው አጣነው፣ ይቅርታ፣ ገንዘብዎ ይመለሳል። መጀመሪያ የታየኝ ሌላ ሰው ብልጫ ሰጥቷቸው ይሆናል የሚል ነው፤ ሐበሻ ነኝና እጠረጥራለሁ። ደወልኩ፣ መልእክት ተውኩ፣ የመለሰልኝ የለም። ያቺን አንድ ኮከብ ያኔ ነው የለጠፍኩባቸው። ገንዘቡ ተመለሰ። ከዚያ ሥራው፣ ጾሙ፣ የልጄ ቤት መቀየርና ዕቃ ማጋዝ ተደራረበና ረሳሁት። ስረሳ ደግሞ እንዲሁ ለይምሰል አልነበረም፤ «አዮዋ» የሚለውን ስም ብሰማ እንኳ ምንም ትዝ አይለኝም ነበር።

ከፋሲካ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት የፖስታ ሣጥኔን ስከፍት የትልቁ ሣጥን ቁልፍ ተቀምጦልኛል። ጥቅል ሲኖር ነው እንዲያ የሚያደርጉት። ቡናማ ወረቀት የለበሰ፣ ከእጄ መዳፍ ብዙም የማይበልጥ ነገር ወጣ። ያዘዝኩት ነገር የለም። ባለቤቴ ከሩቅ አየና «የሐኪም ቤት ዕዳ ነው» አለ፤ ለሱ ከፖስታ ቤት የሚመጣ ሁሉ የሐኪም ቤት ዕዳ ነው። ላኪው አዮዋ ይላል። አዮዋ ማን አለኝ?

መለያው ላይ «ሚዲያ ሜይል» ተጽፏል። ይህን የማታውቁት ካላችሁ እወቁት። የአሜሪካ ፖስታ በተለይ ለመጽሐፍ ያስቀመጠው ርካሽ ታሪፍ ነው። ነገሩ የተጀመረው በ1938 ነው፤ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በአዋጅ የመጽሐፍ መላኪያ በፓውንድ አንድ ሳንቲም ተኩል እንዲሆን አደረጉ፣ ስሙም ያኔ የመጽሐፍ ታሪፍ ነበር። እስከ 70 ፓውንድ ድረስ ይሄዳል። መጽሐፉ ቢያንስ 8 ገጽ እንዲኖረው፣ የንግድ ማስታወቂያም እንዳይዝ ይጠየቃል። ፖስታ ቤቱ ከፍቶ የማየት መብት ስላለው በመጽሐፍ መሀል ነጠላ ሸጉጣችሁ እንዳትልኩ። አካሄዱ የበሬ ነው፤ እኔ ግን ለአሮጌ መጽሐፍ ሌላ መንገድ አልመርጥም።

አስተሻሸጉን ልንገራችሁ፤ ይህ የሱቅ ግምገማ ነውና። ቡናማውን ወረቀት ስፈታ ጋዜጣ፣ ጋዜጣውን ስፈታ በመጽሐፉ ልክ ሳይሆን ጣት ያህል አስተርፈው የቆረጧቸው ሁለት ካርቶኖች። ትርፏ ጥጉ እንዳይታጠፍ ነው። ፕላስቲክ የለ፣ አረፋ የለ። አሁን አሁን ከትልልቆቹ የሚመጣው መጽሐፍ በቀጭን ላስቲክ ከረጢት ተወርውሮ፣ ጆሮው ታጥፎ ነው የሚደርሰኝ። እነዚህ መጽሐፍ የነኩ እጆች ናቸው።

በካርቶኑና በሽፋኑ መሀል በእጅ የተጻፈች ብጣሽ ወረቀት አለች። ቃል በቃል ባይሆን እንዲህ ትላለች፦ መጽሐፉ ከመጽሐፍ ቅዱሶች ሣጥን ውስጥ ተገኘ፤ ጸሎት መስሎት እዚያ ያስገባው ባለቤቴ ነው። ክፍያ አንፈልግም። የጻፉብን ትክክል ነበር።

ያችን የመጨረሻዋን ቆሜ አነበብኳት፣ ተቀምጬም አነበብኳት። ስድስት ወር ሊሞላ ምንም አልቀረው። ገንዘቤን መልሰዋል፣ አንድ ኮከቤን ተቀብለዋል፣ ማን ይጠይቃቸው ነበር? መልሰው ሊሸጡትም ይችሉ ነበር። ያም ሆኖ አድራሻዬን ፈልገው፣ ከራሳቸው ኪስ ከፍለው ላኩት።

ዕቃ አዝዤ ሲደርሰኝ ብዙም ደስ አይለኝም፤ «ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይመጣል» እያልኩ ደስታዬን አስቀድሜ ጨርሼው ነው የሚደርሰው። ይቺ ግን ሳልነካላት መጣች። ልብሴን ሳልቀይር ኩሽና ጠረጴዛው ላይ ቁጭ አልኩ። ባለቤቴ ዕዳ አለመሆኑን ካረጋገጠ በኋላ ቡናውን ራሱ አፈላ፤ ይህን ለታሪክ ነው የምጽፈው።

መጽሐፏ 64 ገጽ ናት። ሽፋኗ ወፍራም አረንጓዴ ወረቀት፣ ጀርባዋ ላይ ዋጋው 75 ሳንቲም ይላል። የሰፏት ሁለት ሽቦዎች ዝገው መሀለኛውን ገጽ ቡና የነካው አስመስለውታል። አሸተትኳት። የሰው ምድር ቤት ትሸታለች እንጂ ደሴ ደሴ አትልም። ከገጽ 9 ጀምሮ በእርሳስ የተሞነጫጨረች ናት፤ ባለቤቷ አማርኛ እየተማረ የነበረ ፈረንጅ መሆኑ ያስታውቃል። በየቃሉ ሥር ጥቃቅን እንግሊዝኛ። «ካንተ ናፍቆት በቀር» የሚለው ሥር ሁለት መስመር አስምሮ ትልቅ የጥያቄ ምልክት አኑሯል። እውነቱን ነው፤ ናፍቆትን ከበሽታ ቆጥረን «ከሱ በቀር ጤነኛ ነኝ» ማለታችን ለባዕድ ምን ያስረዳዋል?

ገጽ 40 ላይ ደግሞ ለአራት የታጠፈ የደብተር ወረቀት ወጣ። የደብዳቤ ረቂቅ ነው፤ በአማርኛ፣ ፊደሉ እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ ተለቅ ተለቅ ያለ። ለቤት አከራዩ የተጻፈ። እንዳለ ልገልብጥላችሁ፤ የሰው ስም የለበትም፦

«ይድረስ ለምወድሽ እና ለምናፍቅሽ እትዬ። እንዴት ሰነበቱ? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነህ። ሰላምታዬ ከባሕር አሸዋ ይብዛ። ጣራው ያፈሳል። አልጋዬ ላይ ያፈሳል። እባክሽ ቆርቆሮ ይሥሩ።»

ሳቄ እስኪያልቅ ድረስ ባለቤቴ ቡናውን ይዞ ቆመ። ምስኪን ከመጽሐፏ የወዳጅን ሰላምታ ለቅሞ፣ አከራዩን በናፍቆት አሳብዶ ወደ ቆርቆሮው ሊመጣ! አንቺና እርስዎን ደግሞ በአንድ ዓረፍተ ነገር አጋብቷቸዋል። ግን እኮ ከእኔ የተሻለ ነው፤ ቢያንስ ለጣራው ቦታ አስተርፏል። ደብዳቤው ተገልብጦ ተልኮ ይሁን አይሁን፣ ጣራው ተሠርቶ ይሁን አይሁን ማን ያውቃል። «ነህ» የሚለው ላይ አንዴ ሰርዞ «ነኝ» ሊል ጀምሮ፣ መልሶ «ነህ» ብሏል።

አሁን ወደ ሙጫው። ሽፋኑ ላይ፣ እንደ ሌላ ቦታ የሌለ ይመስል፣ ዋጋ የተጻፈበት ተለጣፊ ለጥፈዋል። በጥፍሬ ቀስ ብዬ ባነሣው ቀለሙን ይዞ ተነሣ። «ደብዳቤ» ከሚለው የ«ቤ»ን ቀለበት ወስዶታል፤ መጽሐፏ አሁን «ደብዳበ» ናት የምትባል። ስድሳ ዓመት ገደማ ጦርነትና አብዮት፣ ውቅያኖስና ምድር ቤት ያልነካትን ፊደል የአንድ ዶላር ተለጣፊ በላት። በፀጉር ማድረቂያ አሙቆ ማንሣት እንደሚሻል የተማርኩት ከዚያ በኋላ ነው። አሮጌ መጽሐፍ የምትሸጡ ሁሉ፣ ዋጋውን በእርሳስ የመጀመሪያው ገጽ ጥግ ላይ ጻፉ። አንዷ ኮከብ የተቀነሰችው ለዚህ ነው፤ ለስድስት ወሩ አይደለም።

ሰኞ ደወልኩ። ሴትየዋ አነሣች። ይቅርታ የጠየቅነው እኩል ነው፤ ማን እንዳስቀደመ አላስታውስም። 22 ዶላሩን ልክፈል ብል እምቢ አለች፤ ስለምናት ቆይቼ መላኪያውን ብቻ ተቀበለችኝ። መጽሐፉ ስለ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ደብዳቤ እንዴት እንደሚጻፍ የሚያስተምር ነው ስላት ዝም አለች፣ ከዚያ ስልኩን በእጇ ሸፍና ባሏን ጠርታ ስትነግረው ሰማሁ፤ ጸሎት ያለውን ሰውዬ ማለት ነው። ረቂቁን ነገርኳት፣ ጣራውንም ተረጎምኩላት። ሣጥኑ ከአንድ ያረፉ አስተማሪ ቤት እንደመጣና ቤተሰቡ ወረቀቱን ሁሉ ውሰዱት እንዳላቸው ነገረችኝ። ያም ሆኖ የደብዳቤውን ፎቶ ልኬላታለሁ፤ ለቤተሰቡ አደርሳለሁ ብላለች። በዚያው ሌላ የማታውቁት ፊደል ያለበት ነገር ካላችሁ አሳዪኝ ብያት ሰባት ፎቶ ላከችልኝ። አራቱ በእርግጥም የአርመን ናቸው። ሁለቱ የትግርኛ። አንዱን ገዛሁ፤ በስምንት ቀን ደረሰ፤ ተለጣፊ አልነበረበትም።

ለሚቸኩል ሰው ይህን ሱቅ አልመክርም። መልእክት ቶሎ አይመልሱም፣ ፎቷቸው ይዘቀዘቃል፣ መደርደሪያቸውን ራሳቸውም አያውቁት።

እሑድ በቫይበር ለእቴቴ ደወልኩላት። መጽሐፏን ወደ ካሜራው ሳስጠጋት «ቆይ መነጽሬን» ብላ ሄደች፤ የደሴ ቤቷን ጣራ ለረጅም ጊዜ አየሁት። ተመልሳ ሽፋኗን አየችው።

«የኛዋ አይደለችም» አለች። «የኛዋ ላይ ላምባ ፈሶባታል።»

«የኛዋ ናት መች አልኩሽ እቴቴ?»

«ገጽ 31ን አውጪው። ለአበዳሪ የሚጻፈውን።»

አወጣሁት። ላነብላት አፌን ስከፍት እሷ ቀድማኝ ጀመረች፤ «ክቡር ሆይ፣ ዕዳዬን የዘነጋሁ እንዳይመስልዎ»፣ ድምፅዋን እንደ ድሮው የመሥሪያ ቤት አለቃ አጎርንና። በጣቴ መስመሩን እየተከተልኩ እሄዳለሁ። ሦስተኛው መስመር ላይ «በመጪው መስከረም» አለች፤ መጽሐፏ «በመጪው ጥቅምት» ነው የምትለው። ነገርኳት።

«እንግዲያው መጽሐፉ ተሳስቷል» ብላ ቀጠለች።